የእናቴ ክንድ ትከሻዋ ሥር ተሰብሮ ያለ ጀሶና ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል ተባልን፤ ትክክል ነውን?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ72 ዓመት አዛውንት ስትሆን፣ ከአሥር ቀን በፊት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ ስትመለስ ጭቃው አዳልጧት በቀኝ ጎኗ ወደቀች። ሆስፒታል ወስደናት ራጅ ስትነሣ፣ የላይኛው ክንዷ አጥንት ከትከሻው መገጣጠሚያ ዝቅ ብሎ እንደተሰበረና ስብራቱ ግን ብዙም እንዳልተንሸራተተ ተነገረን። ሐኪሙ ክንዷን በማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አስሮ፣ የሕመም ማስታገሻ አዝዞ ሰደደን። በሳምንቱ ድጋሚ ራጅ ተነሥታ አጥንቱ ቦታውን እንዳልለቀቀ ታየ፤ አሁን ደግሞ ቀስ እያልሽ ማንቀሳቀስ ጀምሪ ተብላለች።

ቤተሰቡ በሦስት ተከፍሏል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ብረት ይግባላት» ይላል፤ አክስቴ ወጌሻ ካልመጣ ትላለች፤ እናቴ ራሷ «የተሰበረ ነገር እንዴት ይነቃነቃል» ብላ ጣቷን እንኳ ማንቀሳቀስ ፈርታለች። በዚህ ላይ ጥቁር ሰማያዊው ብልዘት ከትከሻዋ ወርዶ ክርኗና ደረቷ ላይ ደርሷል። ጀሶ እንኳ አለመደረጉ ችላ ተብላ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ።

መልስ ሰጪ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦

እግዜር ይማርልዎት። በቅድሚያ ስለ ጀሶው፦ ጀሶ የሚጠቅመው ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ መያዝ ሲችል ነው፤ ትከሻ ሥር የተሰበረ አጥንትን ግን ከበላዩ ይዞ የሚያቆም ጀሶ የለም፤ ቢደረግም ክብደቱ አዛውንቷን ከማድከም በቀር የሚረባ ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ማንጠልጠያው ራሱ ሕክምናው ነው እንጂ ችላ መባል አይደለም። ብልዘቱም ቢሆን ከአጥንቱ የፈሰሰው ደም በክብደቱ ወደ ታች እየወረደ ነውና፣ በሳምንታት ውስጥ ቢጫ እየሆነ ይጠፋል። ቀለበት ወይም አምባር ካላቸው ግን እብጠቱ እጃቸው ላይ ሳይደርስ ዛሬውኑ ያውልቁላቸው።

እናትዎ የፈሩት እንቅስቃሴ የሕክምናው ግማሽ ነው። በዚህ ዕድሜ ትከሻ ለሳምንታት ዝም ብሎ ከታሰረ ይደርቃል፤ አጥንቱ ገጥሞ ክንዱ ግን ፀጉር ለማበጠር እንኳ የማይነሣበት ጊዜ አለ። ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታጠፍና መዘርጋት ነበረባቸው፤ አሁንም አልዘገየም። ለትከሻው ደግሞ በጤነኛ እጃቸው ጠረጴዛ ይደገፉና ጎንበስ ይበሉ፤ የታመመው ክንድ እንደ ገመድ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ከዚያ ወጥ እንደሚያማስል ሰው ትንንሽ ክብ ያዙሩት፤ ኃይሉ ግን ከወገባቸው ውዝዋዜ ይምጣ እንጂ ክንዱን በራሱ ጡንቻ አያንሡት። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ የሕመም ማስታገሻው ከተወሰደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይቀላል። ክንዱን በራሱ ኃይል ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ፣ ሐኪሙ ራጁን አይቶ ሲፈቅድ ነው፤ ጄሪካን ማንሣትና ሊጥ ማቡካት ደግሞ ከሦስት ወር በፊት አይታሰብም።

ሌሊት ጋደም ከማለት ይልቅ ጀርባቸውን በትራስ ደግፈው ከፊል ተቀምጠው ይተኙ፤ ከክርናቸው ሥርም ትንሽ ትራስ ይደረግ። የጅማ እርጥበት የታወቀ ነውና ብብታቸው በየቀኑ ታጥቦ ደርቆ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይግባበት፤ አለዚያ ብብታቸው ቆስሎ ከስብራቱ ይልቅ እሱ ያስቸግራቸዋል።

ሌላ መልስ ሰጪ፦

ስለ ወጌሻው የደረሰብንን ልንገርዎ። አባቴ እንዲሁ ክንዳቸው ተሰብሮ ሳለ፣ ቤተሰቡ ባመጣው ወጌሻ በቅቤ ታሽተው በቀርከሃ ታሰሩ። ማታ ጣታቸው ቀዝቅዞ ሲደነዝዝ «እየያዘ ነው» ተባልን፤ ጎረቤታችን የሆነች ነርስ አይታ በመቀስ ባትፈታው ኖሮ እጃቸውን ባጡ ነበር። ወጌሻን ሁሉ አልወቅስም፤ ወለምታ ያሹልኝ ሰው አሉ። ነገር ግን ቦታውን ይዞ የተቀመጠ ስብራትን ማሸት ማለት አጥንቱን ከቦታው ማውጣት ነው፤ አክስትዎን በዚህ ያስረዷቸው።

ሦስተኛ መልስ ሰጪ፣ ሐኪም፦

የወንድምዎ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም «ብረት ከገባ የተሻለ ይድናል» የሚለው እምነት በጥናት ተፈትሿል። በብሪታንያ በ32 ሆስፒታሎች 250 ታካሚዎችን ያሳተፈና በ2015 የታተመ ጥናት፣ በዚሁ በትከሻ ሥር ከቦታው የተንሸራተተ ስብራት ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ገሚሶቹን በቀዶ ሕክምና ሌሎቹን በማንጠልጠያ አክሞ ለሁለት ዓመት ሲከታተል፣ በክንዳቸው አገልግሎት ላይ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም። የእናትዎ ስብራት ደግሞ ብዙም ያልተንሸራተተ ነው። የሳሳ አጥንት ብሎንን አጥብቆ አይዝም፤ ኢንፌክሽንና ዳግም ቀዶ ሕክምናም ሊከተሉ ይችላሉ።

ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ትከሻው ጭምር ከወለቀ፣ የአጥንቱ ራስ ለሁለት ከተሰነጠቀ፣ ቆዳው ከተቀደደ ወይም የደም ሥር ከተጎዳ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ እጃቸው ከገረጣና ከቀዘቀዘ፣ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ካቃታቸው ወይም የትከሻቸው ውጫዊ ጎን ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።

አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሳይሆን ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ ከተሰበረ አጥንቱ ሳስቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ካልሲየም፣ ስለ ቫይታሚን ዲና ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒት ይጠይቁ፤ ዓይናቸው ሞራ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራቸው እንደሆነ ይታይ። የሚቀጥለው ውድቀት ዳሌ ላይ ቢሆን በማንጠልጠያ የሚታለፍ አይሆንም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለበቷን በሳሙና አውልቀናል፤ አክስቴም የቀርከሃውን ነገር ካነበብኩላት ወዲህ ስለ ወጌሻ አላነሣችም። እናቴ ዛሬ ጠረጴዛውን ተደግፋ «ወጥ ማማሰል ከሆነማ» ብላ ክንዷን አሥር ጊዜ ያህል አዞረች፤ ላብ በላብ ሆነች እንጂ አልጮኸችም። ወንድሜ ግን ራጁን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ካልላክሁለት አላምንም ብሏል። ወደ ጓሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ነገ ጠጠር ላስደፋበት ነው።