ስትሮክ የመታቸውን አባታችንን መቼ ይዘን እንውጣ? ያስታመማችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ስትሮክ መትቷቸው መሃል አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሲቲ ስካኑ የደም መፍሰስ ሳይሆን የደም ስር መዘጋት መሆኑን አሳይቷል። ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተሳስሯል። ጉዳቱ ሲከብድ የሆስፒታል ቆይታም እንደሚረዝም ዶክተሩ ነግሮናል፤ እሱ ገብቶኛል።

ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። መዋጥ ስላቃታቸው የሚመገቡት በአፍንጫ በገባ ቱቦ ነው። ምግብ ወይም ምራቅ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሲያመጣ፣ የሽንት ቱቦ ሲያመረቅዝ፣ ጀርባ ሲቆስል ቆይታው ይራዘማል። እሳቸውም ሊወጡ ሲሉ ትኩሳት ተነሳባቸውና መድኃኒት እንደገና ተጀመረ። አልጋው ላይ በቆዩ ቁጥር ሌላ በሽታ እንዳይደርብባቸው እፈራለሁ።

ቤት ልውሰዳቸው ብል ደግሞ ቤታችን አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ እናቴ ስኳር አለባት፣ አቅሟም ደክሟል። እኔ ሥራ ካቆምኩ መድኃኒቱን የሚገዛ የለም።

በቱቦ እየመገባችሁ ቤት ያስታመማችሁ፣ አመጋገቡን ማን አሳያችሁ? የመዋጥ ምርመራው ሳይደገም መውጣት ይሻላል ወይስ እንጠብቅ? አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ቤት ድረስ የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሚከራይ የሕመምተኛ አልጋስ ታውቃላችሁ? የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ፤ ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ልወቅ።