ጥቆማ፦ ለኦል ዊል መኪና ጎማና ቸርኬ ስትገዙ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

"ጎማ ልቀይር ነው፣ የቱን ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የብራንድ ስም ነው። መኪናው ኦል ዊል (ሞተሩ አራቱንም እግር የሚያዞር) ከሆነ ግን ብራንድ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። አንደኛው ጉዳይ አራቱም ጎማዎች እኩል መሆናቸው ነው። ገንዘባችሁ ለሁለት ውድ ጎማ ወይም ለአራት መካከለኛ ጎማ የሚበቃ ከሆነ፣ አራቱን መካከለኛ ግዙ። ሳላመነታ የምመክረው ይህን ነው።

በቅድሚያ መኪናችሁ በእርግጥ ኦል ዊል መሆኑን እዩ። ራቭ ፎርም ሆነ ቱሳን በፊት እግሩ ብቻ የሚጎትት አለው። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ስሩን ተመልከቱ። ዲፈረንሻል (በሁለቱ የኋላ እግሮች መሐል ያለው የጥርስ ሳጥን) እና ከፊት ወደ እሱ የሚመጣ ረጅም ዘንግ ካለ፣ የሚቀጥለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራቭ ፎር ላይ የተለመደው 225/65/17 ጎማ (ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው) አዲስ ሲሆን ከጫፍ ጫፍ 724 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥልቀት አለው። ጥርሱ አልቆ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ጎማው በድምሩ 10 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ያነሰ ጎማ ደግሞ ብዙ ይዞራል፤ በየኪሎ ሜትሩ 6 ዙር ያህል ይበልጣል። ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ አድርጋችሁ ከደሴ ኮምቦልቻ ብትወርዱ የፊቱና የኋላው ልዩነት ከመቶ ዙር ያልፋል። ይህን ልዩነት አንድ ነገር መቻል አለበት። ቋሚ ፎር ዊል በሆነው ግራንድ ቪታራ ላይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የመሐሉ ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል። ራቭ ፎር ላይ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ካፕሊንግ ይንሸራተታል፣ ይግላል። ቀስ በቀስ ይበላል። እሱን ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሱባሩ ለመኪኖቹ ያስቀመጠው ገደብ ጥብቅ ነው፤ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙ እንዲያልፍ አይፈልግም። የናንተ መኪና ሱባሩ ባይሆንም ይህን መለኪያ ያዙት። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የአራቱንም ንፋስ እኩል አድርጉ፣ ሜትሩን በጎማው ዙሪያ መሐል ላይ ጠቅልሉ፣ ጻፉ።

"አቅሜ ለሁለት ብቻ ነው" ለሚል ሰው መልሱ ከዚሁ ልኬት ይመጣል። የቀሩት ሁለቱ ገና አዲስ ከሆኑና ያው ሞዴል ከተገኘ ሁለት መግዛት ይቻላል። ግማሽ ካለቁ ግን ታገሡና አራቱን አንድ ላይ ቀይሩ። ያገለገለ ጎማ ካማራችሁ ደግሞ ከቸርኬው ሳይወጣ አትግዙ። ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ጥገና ካለ ተዉት።

አሁን ስለ ቁጥሩ። በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ትክክለኛውን መጠንና ንፋስ ይነግራችኋል። ባለ ሱቁ የጠየቃችሁትን ሲያጣ "ይኼም ይገባል" ብሎ ሌላ መጠን ያቀርባል። ይገባል፤ ግን ምን ያመጣል? 225/60/17 ከዋናው በ3 በመቶ ያንሳል። መኪናው ዝቅ ይላል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያል። አራቱም እኩል ከሆኑ ካፕሊንጉን አይጎዳም፤ ግን ለእኛ መንገድ ዝቅ ያለ መኪና ማን ይፈልጋል? 235/65/17 ደግሞ በ2 በመቶ ገደማ ይበልጣል። መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ማየት ያስፈልጋል።

235/55/18 ለራቭ ፎር ፋብሪካው ራሱ የሚያውቀው መጠን ነው፤ በቁመት ልዩነቱ 1 በመቶ ብቻ ነው። መልኩም ያምራል። እኔ ግን ለደሴ አልመክረውም። የ17ቱ ጎማ ጎኑ 146 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ የ18ቱ 129 ብቻ። የደሴን ኮብልስቶንና ክረምት የሚከፍተውን ጉድጓድ የሚችለው ያ ጎን ነው። ጎኑ ሲያጥር ዱላው ቸርኬው ላይ ያርፋል። 18 ቸርኬ ላለው ሰው ወደ 17 ለመመለስ ገንዘብ ቢያወጣ ያዋጣዋል፤ የፍሬኑን ካሊፐር አለመንካቱን አስለክታችሁ ከሆነ።

ቸርኬ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በመሐል ቀዳዳው ነው። ራቭ ፎር፣ በፈረንጅ ከ2005 ወዲህ የመጣው ግራንድ ቪታራ፣ ሲ አር ቪና ቱሳን ባለ 5 ቡሎን ናቸው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋትም አንድ ነው፣ 114.3 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ይላል። የመሐል ቀዳዳው ግን ይለያያል፤ የራቭ ፎርና የቪታራ 60.1፣ የሲ አር ቪ 64.1፣ የቱሳን 67.1 ነው። የራቭ ፎር ቸርኬ ሲ አር ቪ ላይ ጭራሽ አይገባም። የቱሳን ቸርኬ ራቭ ፎር ላይ ይገባል፣ ግን ሞዞው (ቸርኬው የሚቀመጥበት መሐል) ላይ ይላላል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልተደረገበት አስፋልት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጎሚስታው ደጋግሞ ባላንስ ቢሠራም አይለቅም። ዳዶውንም እዩ። የሆንዳ ኦሪጅናል ቸርኬ መቀመጫው ክብ ነው፣ ብዙው የገበያ ቸርኬ ደግሞ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። የማይመሳሰል ዳዶ ቢጠብቅም ይላላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

የት ይሻላል? ኮምቦልቻ ከባቲና ከሚሌ የሚመጣው የጅቡቲ መስመር መውጫ ስለሆነች የጎሚስታዎቿ እጅ የተፈታው በከባድ መኪና ጎማ ነው። ጎማ ለማውጣትና ለመጠገን እምነት ይጣልባቸዋል። አሎይ ቸርኬ ስትሰጡ ግን በመዶሻና በፌሮ ሳይሆን በማሽን የሚያወጣውን ምረጡ። ደሴ ለቤት መኪና ይመቸኛል፤ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ሦስት አግኝተው አራተኛውን "ተመሳሳይ" ብለው ከሚያሟሉላችሁ፣ ሻጩ አዲስ አበባ ደውሎ ሙሉውን እስኪያስመጣ ጠብቁ። ሶማሌ ተራ ወርዶ ራስ መግዛትም አለ፤ የ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ካላችሁ ብቻ ያዋጣል። የትም ሂዱ፣ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የባላንስ ማሽን አለ ወይ? ዳዶ የሚጠብቀው በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) ነው ወይ? ለራቭ ፎር 103 ኒውተን ሜትር ነው። በቧንቧ ላይ ቆሞ የሚያጠብቅ ሰው ቡሎኑን ይስበዋል።

ከጎማው ጎን ላይ ደግሞ ሦስት ነገር አንብቡ። ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጡት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2423 ማለት በ2023 24ኛው ሳምንት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፣ በኛ እንዳታሰሉት። ሁለተኛ የጭነት ቁጥር። 102 ማለት አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይችላል፤ ከበሩ ጽሑፍ በታች አትውረዱ። ሦስተኛ፣ ብዙ ጎማ ላይ "ትራክሽን" እና "ቴምፐሬቸር" የሚሉ ደረጃዎች አሉ። ትራክሽን እርጥብ መንገድ ላይ የመቆም አቅም ነው፤ ሐረጎን በጉምና በዝናብ ለሚወርድ ሰው ኤ ይሁንለት። ቴምፐሬቸር ሙቀት መቋቋም ነው፤ ወደ ሞቃታማው ሚሌ የሚወርድ ሰው እሱም ላይ ኤ ይፈልግ።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ለሚመላለስ የአስፋልት ጎማ ይበቃል። ኦል ቴሬን (ለጠጠርም ለአስፋልትም የተሠራው ጎማ) ይጮኻል፣ ይከብዳል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ብዙ ጊዜ ያነሰ ይይዛል። ሥራው ወደ ደላንታ ጠጠር መንገድ የሚወስደው ሰው ወይም ለግሸን ንግሥ ቤተሰብ ጭኖ የሚወጣ ይግዛው፤ አራቱንም።

እስኮርታው ሙሉ መጠን ከሆነ ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት አድርጉትና በዙር አስገቡት። በየ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲቀያየሩ አምስቱም እኩል ያልቃሉ፣ አንዱ ቢቀደድም ምትኩ ልኩ ነው። ቀጭኑ እስኮርታ ከሆነ ግን ቀስ ብላችሁ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ብቻ ንዱበት።

ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይግል፣ እምትኖሩበት ከተማ ይለካ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል መለኪያው 1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ቀንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ የሐረጎ ጉዞ ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምርበታል። እዚያ ደርሳችሁ አታስተንፍሱት። አዲስ ቸርኬ ካስገባችሁ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ አስፈትሹ።