በግል ልቀጥል ወይስ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ልክፈት? ግራ ገብቶኛል

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የአልሙኒየም በርና መስኮት ነው የምሰራው፣ አራት አመት ሆነኝ፣ እስካሁን በግል ንግድ ፈቃድ ነው። አሁን ያክስቴ ልጅ 400 ሺ ብር ላስገባና አብረን እንስራ አለኝ፣ እሱ ስራው ላይ አይውልም፣ ማሽኑም ደንበኛውም የኔ ነው፣ ታዲያ ድርሻችን በምን ይተመናል?

በግል መስራቱ የሚያስፈራኝ እቃ በዱቤ ወስጄ መክፈል ቢያቅተኝ እዳው ቤቴ ድረስ ይመጣል። ፒኤልሲ ከሆነ ተጠያቂነቱ ባስገባነው ካፒታል ልክ ነው፣ ግን ባንክ ሲያበድር በግልህም ዋስ ሆነህ ፈርም ካለኝ ያው አይደል እንዴ? በንግድ ህጉ በአዋጅ 1243/2013 ደግሞ አንድ ሰውም ብቻውን መክፈት ይችላል፣ መነሻ ካፒታሉ 15 ሺ ብር ነው፣ እና ብቻዬን ከፍቼ የሱን ብር በውል እንደ ብድር ብይዘውስ? ይቀየመኝ ይሆን እንጃ።

ግብሩም አለ፣ ፒኤልሲ ትርፉ ትንሽም ይሁን ትልቅ 30 በመቶ ነው፣ በግል ግን እያደገ ሄዶ ጣሪያው 35 ነው፣ የኔ ትርፍ ገና ትንሽ ስለሆነ በግል የሚሻለኝ ይመስለኛል፣ የሂሳብ ሰራተኛ ደሞዝም አለ። አንዱ ጉዳይ አስፈፃሚ "ዝም ብለህ ፒኤልሲ ክፈት" አለኝ፣ እሱማ ይከፈለዋል።

ከዘመድ ጋር የከፈታችሁ ካላችሁ ውሉ ላይ ምን አስገባችሁ? አንዱ ልውጣ ቢልስ? ያክስቴ ልጅ እሁድ መልስ ስጠኝ ብሎኛል።