የሌሊት ቴስት የሚተዋቸውን ኮር ደምፖች በስክሪፕት መርምሮ በዓይነት መለየት፦ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ንጋት_ቴስት

ጤና ይስጥልኝ። የቁጠባና ብድር ሒሳብ የሚይዝ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈና በሊኑክስ ላይ የሚሄድ ሰርቨር በሚያዘጋጅ አነስተኛ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ፤ የእኔ ድርሻ በየሌሊቱ የሚካሄደውን ቴስት መከታተል ነው። ቴስቶቹን የሚያስኬደው እኛው በፓይተን የጻፍነው ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ ቴስት ሰርቨሩን እንደ አዲስ ያስነሣል፣ ጥያቄዎችን ይልካል፣ የተመለሰውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያመሳክራል። ሰርቨሩ በመካከሉ ክራሽ ካደረገ ግን በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው «ወድቋል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኮር ደምፖቹን (ክራሽ ያደረገው ፕሮሰስ የሚተዋቸውን የሜሞሪ ግልባጮች) አንድ በአንድ በጂዲቢ፣ ማለትም በዲበገሩ፣ እየከፈትኩ፣ ስታክ ትሬሱን (በወደቀበት ቅጽበት የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳየውን ዝርዝር) እያነበብኩና ትናንት ካየሁት ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን በዓይኔ እያነጻጸርኩ፣ አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት በዚሁ እጠመዳለሁ።

ባለፈው ወር ይህን ሥራ ለስክሪፕት ለመስጠት ሞከርኩ። ስክሪፕቱ ጂዲቢን በባች ያስነሣና የሁሉንም ትሬዶች ስታክ ትሬስ ወደ ጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ ከዚያም ክራሽ ካደረገው ትሬድ የላይኞቹን 3 ፍሬሞች (የዝርዝሩን መስመሮች)፣ የራሳችንን ፈንክሽኖች ከነአድራሻቸው፣ የላይብረሪዎቹን በስም ብቻ ወስዶ ሃሽ ያደርጋል (ወደ አንድ አጭር ኮድ ይለውጣል)፣ ሃሹንም የክራሹ መለያ አድርጎ ቲኬት ይከፍታል። ውጤቱ ከጠበቅኩት በጣም የራቀ ነው። በአንድ በኩል ምንም የማይገናኙ ክራሾች በአንድ ቲኬት ሥር ይከመራሉ፤ በሌላ በኩል አንድ መሆኑን በእርግጠኝነት የማውቀው ክራሽ በየሌሊቱ አዲስ ቲኬት ይከፍታል። ከዚህም ሌላ፣ አንዳንዶቹ ቴስቶች ሲወድቁ ምንም ኮር አይተዉም፤ ኮር ከተዉትም መካከል በፈንክሽን ስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ የሚያሳዩ አሉ። መለያውን በምን ላይ ልመሥርተው? የጠፉትንስ ኮሮች እንዴት ላግኛቸው?

ከርነል_ንባብ

ጥያቄዎ በሚገባ የተብራራ ስለሆነ በቅደም ተከተል ልመልስ፤ ኮሩ ከሌለ ስለ መለያው መነጋገር ስለማይቻል ከጠፉት ኮሮች እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ በምን ሲግናል (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ አስኳል፣ ለፕሮሰስ በሚያደርሰው ባለ ቁጥር ምልክት) እንደሞተ በሪፖርቱ ላይ ይጻፉ። የፓይተን ሰብፕሮሰስ ይህን በአሉታዊ ቁጥር ይነግርዎታል፦ ‎-11 ከሆነ የተከለከለ የሜሞሪ አድራሻ ተነክቷል፣ ‎-6 ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱን የሚያቋርጥበትን ፈንክሽን፣ አቦርትን፣ ጠርቷል፣ ‎-9 ከሆነ ግን ከውጭ ተገድሏል። በሼል በኩል ካስኬዱት ያንኑ 139፣ 134 እና 137 ሆኖ ያገኙታል። በ9 ቁጥር ሲግናል የሞተ ፕሮግራም በምንም ዓይነት ኮር አይተውም። ገዳዩም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ የሚወስደው እርምጃ ከሆነ በከርነሉ ሎግ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፣ አለዚያ ግን ገዳዩ የራስዎ የቴስት ፕሮግራም ነው። የፓይተኑ የራን ፈንክሽን የተሰጠው የጊዜ ገደብ ሲያልፍ ልጁን ፕሮሰስ የሚያቆመው በዚሁ በ9 ቁጥር ሲግናል ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ተቆላልፎ የቆመባቸው ሌሊቶች፣ ማለትም ማስረጃ በጣም የሚያስፈልግባቸው ሌሊቶች፣ ምንም ማስረጃ ሳይተዉ ያልፋሉ። ገደቡ ሲያልፍ መጀመሪያ 6 ቁጥርን ይላኩ፣ ኮሩ ተጽፎ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ፕሮሰሱ አሁንም ካለ ብቻ 9 ቁጥርን ያስከትሉ። መጠበቁን አይዝለሉት፤ ኮር እየተጻፈ ሳለ 9 ቁጥር ሲግናል ከደረሰ ጽሑፉ ይቋረጥና ጂዲቢ «ተቆርጧል» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ጎደሎ ፋይል ይቀራል።

የጥያቄ ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ግምቴ ኮሩን የሚከፍቱት ኮሩን ከተወው በተለየ ባይነሪ (ለመሄድ ዝግጁ በሆነ የፕሮግራም ፋይል) ነው የሚል ነው። የጠዋቱ ቢልድ የሌሊቱን ባይነሪ ከተካው ሲምቦሎቹ (አድራሻን ከፈንክሽን ስም ጋር የሚያገናኙት) አይገጥሙም። መፍትሔው ቢልድ አይዲ ነው፤ ሊንከሩ በእያንዳንዱ ባይነሪ ውስጥ የሚያስቀምጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ባይት ርዝመት ያለው መለያ ሲሆን በኮሩ ውስጥም ይገኛል። ከእያንዳንዱ ቢልድ የዲበግ መረጃውን ለይተው በዚህ አይዲ ስም ካስቀመጡት (የመጀመሪያዎቹ 2 ሆሄያት የማውጫው ስም፣ የቀሩት የፋይሉ ስም ይሆናሉ) ጂዲቢ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ብዙ ማሽኖች ካሏችሁ በ2019 ኤልፍዩቲልስ ከተባለው የባይነሪ መሣሪያዎች ስብስብ ጋር የወጣው ዲበግኢንፎዲ የተባለ ሰርቨር ያንኑ ማውጫ በኔትወርክ ያድላል፤ ለአንድ ማሽን ግን ማውጫው ይበቃል።

ወደ መለያው ስንመጣ፣ አንዱን ክራሽ ብዙ ያስመሰሉት አድራሻዎቹ ናቸው። ከርነሉ ለደኅንነት ሲባል ፕሮግራሙን በተነሣ ቁጥር በተለያየ የሜሞሪ ቦታ ስለሚያስቀምጠው አድራሻ የያዘ ሃሽ በፍጹም አይደገምም። የመስመር ቁጥርም አያስገቡ፤ ከላይ አንድ መስመር የተጨመረበት ፋይል ሁሉ አዲስ ክራሽ ይመስላልና። የፈንክሽኖቹ ስም ብቻ ይበቃል፤ አድራሻውና የመስመር ቁጥሩ በሪፖርቱ ውስጥ ይቀመጡ።

ብዙውን ክራሽ አንድ ያስመሰለው ደግሞ «የላይኞቹ 3 ፍሬሞች» የሚለው ሕግ ነው። ፕሮግራሙ በአቦርት ሲሞት የላይኞቹ ፍሬሞች ሁልጊዜ የሲ ላይብረሪው የራሱ ናቸው፦ ሲግናሉን የሚልከው፣ ሬይዝ፣ አቦርት። የከሸፈ አሰርትም (በኮዱ ውስጥ የተጻፈ «ይህ እውነት መሆን አለበት» የሚል ፍተሻ) ሆነ የተበላሸ ስታክ እስከዚህ ድረስ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። እነዚህን የሚዘል የስም ዝርዝር ያዘጋጁና መቁጠር የሚጀምሩት ከመጀመሪያው የራሳችሁ ፈንክሽን ይሁን። ስንት ፍሬም እንደሚዘለል በቁጥር አይወስኑ፤ እኔ «4 ዝለል» ብዬ ጽፌ ነበር፣ የሲ ላይብረሪው ወደ 2.34 ሲያድግ ትሬዶችን የሚያስተዳድረው የፒትሬድ ኮድ ወደ ዋናው ላይብረሪ ስለገባ ከሬይዝ በላይ አዳዲስ ፍሬሞች መጡና ለወራት ያከማቸሁት መለያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተቀየረ። ሞዚላ የፋየርፎክስን ክራሾች የሚለይበት ሶኮሮም የሚሠራው በእንዲህ ያሉ የሚታረሙ ዝርዝሮች ነው፤ ዝርዝሩ የሚያድግ እንጂ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም።

ራሱን ያለ ማቋረጥ የሚጠራ ፈንክሽን ስታኩን ሲሞላ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ፍሬሞች ይመጣሉ። ተደጋጋሚውን ወደ አንድ ይሰብስቡ፣ ለጂዲቢም የፍሬምና የጊዜ ገደብ ያኑሩለት።

ሾላ_ቢልድ

ከላይ በተሰጠው ላይ ኮንቴይነርን (ፕሮግራም የራሱ ፋይል ሥርዓት ተሰጥቶት ተለይቶ የሚሄድበትን ክልል) የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠያቂው ባይጠቅሱትም ብዙዎቻችን ቴስት የምናስኬደው በዚያ ነውና። ኮሩ የት እንደሚጻፍ የሚወስነው ኮር ፓተርን የሚባለው የከርነል ቅንብር ነው። ይህ ቅንብር የጠቅላላው ማሽን ስለሆነ ለአንድ ኮንቴይነር ብቻ መለወጥ አይቻልም። በቅንብሩ ውስጥ የፋይል መንገድ ከሰጡት መንገዱ የሚፈለገው ክራሽ ባደረገው ፕሮሰስ ፋይል ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ኮንቴይነሩ ሲጠፋ ኮሩም አብሮት ይጠፋል። ቅንብሩ በፓይፕ ምልክት ከጀመረ ግን ተቀባዩ ፕሮግራም የሚነሣው በዋናው ማሽን ላይ ነው። ስለዚህ ኮንቴይነሩ ውስጥ የሚፈልጉት ኮር ውጭ ሊሆን ይችላል። በብዙ ስርጭቶች ላይ ተቀባዩ ሲስተምዲ ኮርደምፕ ነው፣ በኡቡንቱ ላይ ደግሞ በነባሪ አፖርት ነው፤ ማን እንደሚቀበል ሳያጣሩ «ኮር የለም» ብለው አይደምድሙ። በፋይል ሲሆን የኮር መጠን ገደቡ 0 አለመሆኑንም ይመልከቱ።

በፋይሉ ስም ውስጥ የፕሮሰሱ ቁጥርና ሰዓቱ ይግቡ። ከርነሉ የፕሮግራሙን ስም ከ15 ሆሄ በኋላ ስለሚቆርጠው፣ ስማቸው ረጅምና ጅምራቸው ተመሳሳይ የሆኑ ቴስቶች በስም ብቻ አይለዩም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቲኬቱ ነው። ኮር ማለት የፕሮሰሱ ሜሞሪ ግልባጭ ነው፤ የይለፍ ቃልም ሆነ የደንበኛ ሒሳብ በውስጡ እንዳለ ይገኛል። ቴስቱ ከእውነተኛ መረጃ የተቀዳ ናሙና የሚጠቀም ከሆነ ኮሩን ከቲኬት ጋር ማያያዝ የሰዎችን ምስጢር ለቡድኑ ሁሉ ማደል ይሆናል። እባክዎ በቲኬቱ ላይ የሚወጣው የስታክ ትሬሱ ጽሑፍ ብቻ ይሁን፣ እሱም የፈንክሽኖቹ አርጉመንቶች ከተቀነሱለት በኋላ። ኮሩ መዳረሻው በተገደበ ማውጫ ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መሰረዝ ዲስኩንም ያተርፋል።

ሐረግ_ተከታይ

በ«ከርነል_ንባብ» ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ግን እለያለሁ። የላይብረሪ ፍሬሞችን ሁሉ መዝለል አቦርትን በተመለከተ ትክክል ቢሆንም፣ ሜሞሪ በሚጠይቁበትና በሚለቁበት ፈንክሽኖች፣ በማሎክና በፍሪ፣ ውስጥ ለሚደርስ ክራሽ አሳሳች ነው። ማሎክ ውስጥ የወደቀ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሂፑ (ማሎክ ሜሞሪ የሚያድልበት ክልል) ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ተበላሽቶበታል፤ በዚያች ቅጽበት ሜሞሪ የጠየቀው ፈንክሽን ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ላይኖር ይችላል። ማሎክን ዘልለው ቲኬቱን በዚያ ፈንክሽን ስም ከከፈቱ አንድ ባግ በብዙ ንጹሐን ስም ይበተናል፣ የቡድኑ አባላትም የእነርሱ ያልሆነ ጥፋት ሲፈልጉ ይውላሉ። እንዲህ ያለውን ክራሽ «የሂፕ ብልሽት» ብለው ያለ ፈንክሽን ስም ለብቻው ይሰብስቡት።

ለዚህ ክምር ስታክ ትሬስ ብቻውን መልስ አይሰጥም። እኛ የምናደርገው፣ ክራሽ ያደረገውን ቴስት ብቻ በአድረስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተትን በሚይዝ የኮምፓይለር መሣሪያ) በተሠራ ሁለተኛ ቢልድ ላይ ወዲያውኑ በስክሪፕት መድገም ነው። ሳኒታይዘሩ ፕሮግራሙን ሁለት እጥፍ ገደማ ያዘገየዋል፤ የወደቁትን ብቻ ለመድገም ግን ዋጋው ቀላል ነው። ነፃ የተለቀቀ ሜሞሪ ተነክቶ ከሆነ የት እንደተያዘ፣ የት እንደተለቀቀና የት እንደተነካ ሦስቱንም ስታኮች ያወጣልዎታል። በ64 ቢት ማሽን ላይ የሌላውን ሜሞሪ ሁኔታ የሚመዘግብበት ጥላ ሜሞሪ በቴራባይት የሚቆጠር የአድራሻ ክልል ስለሚይዝ በነባሪ ኮር እንዳይጻፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከዚያኛው ቢልድ የሚጠብቁት ኮር ሳይሆን ራሱ የሚያትመውን ሪፖርት ይሁን።

ድጋሚው እንዲሠራ ቴስቱ የተጠቀመበት የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት። ያለዚያ የሚደግሙት ሌላ ቴስት ነው።

አንድ ምልክትም ልጠቁምዎ። በተበላሸው የስታክ ቦታ ያሉትን ባይቶች በአሥር ቤት አሳትመው 225፣ ቀጥሎም ከ136 እስከ 141 ያለ ቁጥር በየ3 ባይቱ ሲመላለስ ካዩ፣ ያ የግዕዝ ፊደል ነው። ጽሑፍን ወደ ባይት የሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 የምንጽፍባቸውን ፊደላት እያንዳንዳቸውን በ3 ባይት ያስቀምጣቸዋል። ይህን ማጣሪያ በስክሪፕታችን ውስጥ አስገብተነዋል፤ በፈራቸው (ጽሑፍ የሚያስቀምጡበት የተወሰነ የሜሞሪ ቦታ) በባይት ሳይሆን በፊደል ብዛት የተለካ ኮዶችን ከአንድ ጊዜ በላይ አውጥቶልናል።

ንጋት_ቴስት

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ለ9 ሌሊቶች ከሞከርኩ በኋላ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አድራሻዎቹን አውጥቼ የሚዘለሉትን ስሞች ሳስገባ፣ አንድ መስሎ የነበረው የአቦርት ክምር በ4 ተከፈለ። ሦስቱ የምናውቃቸው አሰርቶች ናቸው። አራተኛው የስታክ ብልሽት ሲሆን የመጀመሪያው የራሳችን ፈንክሽን ደግሞ በደረሰኝ ላይ የደንበኛውን ሙሉ ስም የሚያዘጋጀው ነበር። ባይቶቹን በአሥር ቤት ሳሳትም 225 እና 138 ተከታትለው መጡ። ፈንክሽኑ ስሙን ወደ 64 ባይት በፈር ይገለብጣል፣ ከመገልበጡ በፊት የሚያጣራው ግን ስሙ ከ60 ፊደል አለመብለጡን ነው። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል ሆኖ 24 ባይት ይወስዳል፤ ወድቆ ያገኘሁት የቴስት ስም ከነአባትና ከነአያት 22 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ፣ ማለትም ከመዝጊያዋ ባይት ጋር 69 ባይት ነበር። ከበፈሩ ያለፈችው 5 ባይት ብቻ ስለሆነች የስታክ ጠባቂውን (የበፈር መብለጥ እንዲታወቅ የሚቀመጠውን ምልክት) ነክታ የመመለሻ አድራሻውን ሳትነካ ቀርታለች፤ ስታክ ትሬሱ ሙሉ ሆኖ የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ቴስቱ ስሞችን በዘፈቀደ ስለሚመርጥ ክራሹ አንድ ሌሊት ታይቶ ሦስት ሌሊት ይሰወር ነበር፤ በላቲን ፊደል በተጻፉት ስሞች ደግሞ አንድም ጊዜ አልታየም። ይህ ኮድ በደንበኞቻችን እጅ መግባቱን ሳስበው ደንግጫለሁ፤ ማረሚያውን በዚያው ቀን ልከናል።

ኮር የማይተዉት ቴስቶችም እንደተባለው በራሳችን የጊዜ ገደብ የሚገደሉ ሆነው ተገኙ። አሁን 6 ቁጥርን ስለምልክ ኮሩ ይመጣል፣ ግን ሲግናሉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ግንኙነት በሚጠብቀው ዋና ትሬድ ላይ ስለሆነ መለያው ሁልጊዜ አንድ ነው። ለጊዜው መለያውን ቁልፍ ከሚጠብቁት ትሬዶች ሁሉ ስም በፊደል ተራ እያሰናዳሁ እሠራለሁ፤ 2 ዓይነት መቆላለፍ ለይቶልኛል። የተሻለ መንገድ ያለው ሰው ካለ እዚሁ ቢጽፍልኝ እከታተላለሁ፤ የሳኒታይዘሩን ድጋሚ የምጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።