የድሮ ሚኒባስ ማደሪያ ላደርግ ነው፣ ከየት ልጀምር?

አዘዞ27፦
ሰላም ወገን፣ ጎንደር ነኝ፣ አባቴ ይሰራበት የነበረ የድሮ ሃይኤስ ግቢ ቆሟል፣ ሞተሩ ደህና ነው። ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ልሰራበት አስቤያለሁ፣ ጎርጎራም ደባርቅም ስሄድ እዛው እንዳድርበት። በራሴ እጅ ነው መስራት የምፈልገው፣ ከየት ልጀምር?

ብየዳዬ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ወለሉን ገልጠህ ዝገቱን እይ፣ ምንጣፉ ስር ነው የሚደበቀው። እስከ ጥሩው ብረት ፍቀህ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳትቀባ ኮምፐርሳቶ ካለበስከው ከላይ አምሮ ከስር ይበላል፣ ያን ጊዜ ሁሉንም መንቀል ነው። ወንበሩን ከመንቀልህ በፊት ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ።

የሊማሊሞዋ፦
ብርዱን አትናቀው፣ ደባርቅ ከባህር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ለብርዱ ግድግዳው ላይ ፎም መለጠፍ ብቻ ግን አይበቃም፣ ሁለት ሰው ሲያድርበት ትንፋሹ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆንና ጠዋት ፍራሽህ ርሶ ታገኘዋለህ፣ በሁለት በኩል መስኮት ጣት የሚያህል ክፈት። እና እባክህ ወንድሜ ምንም ቢበርድህ ከሰል አታስገባ፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ ሽታ የለውም፣ ተኝተህ ትቀራለህ። ጋቢ እና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዝ።

አዘዞ27፦
የከሰሉን እናቴም ያንኑ ነው ያለችኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መብራቱንስ ከመኪናው ባትሪ ልውሰድ?

ብየዳዬ፦
አይሆንም፣ ጠዋት አይነሳልህም። ለብቻው ሌላ ባትሪ ግዛ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ የአሲድ ከሆነ ግን ከግማሹ በላይ አትጠቀም። ለአምፖልና ለስልክ ይተርፍሃል። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርገው።