በሁዳዴ የቀነስኩት ኪሎ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ለመጀመር ወኔ አጣሁ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በሁዳዴ ብዙም ሳልጨናነቅ 5 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ከ81 ወደ 76። ፋሲካ ካለፈ 3 ሳምንት ሆነው፣ ዛሬ ሚዛኑ 79.5 ይላል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። በየሰኞው «ዛሬ እጀምራለሁ» እላለሁ፤ ማክሰኞ ማታ ያበቃል። ጠዋት ፍርፍር፣ ከሰዓት ማኪያቶ፣ ማታ ደክሞኝ ስገባ ደግሞ እራት እስኪደርስ ዳቦ እቆርሳለሁ። የማበስለው ለ4 ሰው ስለሆነ ለብቻዬ ሌላ ድስት መጣድ አይሆንልኝም። «ቆራጥ ሁኚ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እባካችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ሚዛኑ የሚልሽን በትክክል እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። የጨመርሽው 3.5 ኪሎ በሙሉ ስብ ቢሆን ኖሮ 27,000 ካሎሪ ገደማ ትርፍ በልተሻል ማለት ነው፤ ለ21 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ከሚያስፈልግሽ በላይ ወደ 1,300 ካሎሪ ይሆናል። ይህን ያህል ሳያቋርጡ መብላት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከጨመረው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ውሃ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ውሃ ያስይዛል። ጉበትና ጡንቻ የሚያጠራቅሙት ስኳርም እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ምግብ ሲቀንስ ይሄዳል፣ ሲበዛ ይመለሳል። በዚያው ሒሳብ በሁዳዴ ከወረደው 5 ኪሎም ከፊሉ ውሃ ነበር። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም። «ሁሉም ተበላሸ» ብሎ ማሰብ ራሱ ነው ማክሰኞ ማታ የሚያስቆምሽ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። በሁዳዴ ወኔሽ ከዛሬው በርትቶ አይደለም። 55 ቀን ሙሉ መቼ እንደምትበዪና ምን እንደማይበላ ሥርዓቱ ራሱ ወስኖልሽ ነበር፤ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተት ልንካ አልንካ ብለሽ በቀን አሥር ጊዜ ከራስሽ ጋር አልተከራከርሽም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አጥሩ በአንድ ቀን ነው የፈረሰው። እንግዲህ የሚያስፈልግሽ ትንሽ አጥር መልሶ ማጠር ነው፤ ሃይማኖታዊ ጾም ማለቴ አይደለም፣ የሰዓትና የመጠን ሥርዓት ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ብቻ ያዢ፦ ምግብ በ3 ቁርጥ ሰዓት ይሁን፣ በመሃል አንድ የተወሰነ መክሰስ፣ ከእራት በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋ። ምን እንደምትበዪ ገና አትንኪ። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራውን ለኪ። በሦስተኛው ዘይቱን። ሦስቱን በአንድ ሰኞ ከጀመርሽ ሦስቱም በአንድ ማክሰኞ ይወድቃሉ። አንድ ምግብ ቢበላሽብሽ ደግሞ ሰኞን አትጠብቂ፤ መመለሻው ቀጣዩ ምግብ ነው።

የእንጀራው ልክ፦ 100 ግራም የጤፍ እንጀራ በግምት 150 ካሎሪ ነው። የቤትሽን አንድ እንጀራ አንድ ጊዜ ብቻ ሚዛን ላይ አድርጊው። 350 ግራም ከሆነ ብቻውን ከ500 ካሎሪ ይበልጣል። ግማሹን ጠቅልለሽ በራስሽ ሳህን ላይ አድርጊ። ከትሪ ላይ አብሮ ሲበላ እንጀራው ከሥር ስለሚጨመር ማንም ምን ያህል እንደበላ አያውቅም።

መልስ (ወጥ ሠሪ)

ለ4 ሰው ከሆነ የምታበስይው ሌላ ድስት አያስፈልግሽም፤ ያንኑ ድስት ማስተካከል ይበቃል። ዘይት የሚገባው በሽንኩርቱ ላይ ነውና ከዚያ ጀምሪ።

4 መካከለኛ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊ። ደረቅ ድስት ላይ ያለ ዘይት ጣጂ፤ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ክደኚው። ሊይዝ ሲል 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጊና አማስዪ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርቱ ይሟሟል፣ ቀለሙም ወርቅማ ይሆናል። የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚጀመርበት መንገድ ይኸው ነው፤ እናቶቻችን ያውቁታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በርበሬውን በደረቁ ድስት ላይ በመጨመር ነው፤ ወዲያው ያርና ወጡ ይመራል። ከዚያ ምሬቱን ለማጥፋት ተብሎ ዘይት ይደፋል። አንቺ በርበሬውን ከመጨመርሽ በፊት ግማሽ ስኒ ውሃና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አስገቢ፤ በማንኪያ ተለክቶ፣ ከጠርሙሱ በቀጥታ አይደለም። ቢያንስ 10 ደቂቃ በትንሽ እሳት ይብሰል።

ሽሮ ከሆነ አንድ ስኒ ዱቄት ለ4 ስኒ ውሃ ይበቃል። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፤ በቀጥታ በፈላው ላይ ከነሰነስሽው ይጓጉላል። በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ እያማሰልሽ አብስዪው፤ ሳይበስል ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያኔም ሰው ጣዕሙን በቅቤ ሊያስተካክል ይሞክራል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ንጥር ቅቤም ከዚያ አይለይም። በአንድ ድስት 10 ማንኪያ ይገባ የነበረው 3 ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው ከ200 ካሎሪ በላይ ይቀንሳል፤ ያውም የቤቱ ሰው ሳይጎድልበት። ልጆቹ ወይም አባወራው ቅቤ ከፈለጉ በየራሳቸው ሳህን ላይ ጠብ ይደረግላቸው።

ፍርፍሩን በተመለከተ፣ ደረቅ እንጀራ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቁሌቱ ላይ ያለውን ዘይት በሙሉ ይመጠዋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን። ለሌላው ቀን 2 እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፣ ከሩብ እንጀራ ጋር። ወይም ቂንጬ፦ አንድ እጅ ቂንጬ በ2 እጅ ተኩል ውሃ፤ ቅቤው በሻይ ማንኪያ ይሁን።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰዓቱ ነገር ገብቶኛል። የሚከብደኝ ግን ማታ ነው። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል እበላለሁ፤ ቤት የምገባው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እራት 2 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ዳቦ ያልቃል።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

ከምሳ እስከ እራት 8 ሰዓት ነው እኮ። ዳቦው የሚያልቀው ስለራበሽ ነው፤ እዚያ ላይ በወኔ መታገል አያዋጣም። መክሰሱን 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሳትወጪ አድርጊው፦ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከብርቱካን ጋር፣ ወይም አንድ የቡና ስኒ የገብስ ቆሎ። ቆሎውን ጠዋት ለክተሽ ያዢ፤ ከከረጢቱ እየዘገንሽ ከሆነ ልኩ ይጠፋል። ለውዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ስኒ ይብቃሽ፤ ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው።

እሑድ ላይ ግማሽ ኪሎ ምስር ቀቅዪ፤ ለ3 ቀን የሚሆን ቁሌትም ሥሪ። ሰኞና ማክሰኞ ማታ 15 ደቂቃ ውስጥ እራት ይደርሳል። መብራት እየጠፋ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ከ2 ቀን በላይ አታቆዪው። ዳቦውን ደግሞ ስትገቢ ከምታዪው ቦታ አንሺው። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ጎመን ወይም ካሮት ቢኖር እጅ ወደዚያ ይሄዳል።

ማኪያቶው ችግር የለውም፣ ስኳሩን ግን ቁጠሪ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በቀን 6 ስኒ ቡናና ሻይ በ2 በ2 ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል መልካም ነው ይላል። በአንድ ጊዜ አትቁረጪው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፣ ምላስ ይለምዳል።

መልስ (ነርስ)

ሌሎችም ስለሚያነቡት አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ሕመም ክኒን) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የምግብ ሰዓት መዝለል የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ኪሎ ለመቀነስ ብላ ምግብ አትቀንስ።

እህታችን፣ ድካሙ ከበረታ፣ ብርድ ብርድ የሚልሽ ከሆነ፣ ሆድ ድርቀትና የፀጉር መነቃቀል ካለ የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ። ሁልጊዜ ወኔ ማጣት ብቻ ላይሆን ይችላል። እንቅልፍም ይታይ፤ 5 ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው በማግሥቱ ጣፋጭና ዳቦ ያምረዋል።

«የማቅጠኛ ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ራቂ። ብዙዎቹ ሆድ የሚያስኬዱ ቅጠሎች ናቸው። ሚዛኑ ላይ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ሲደጋገም ፖታሲየም ከሰውነት ይወጣል፣ ልብም ይጎዳል።

መልስ (የስፖርት አሠልጣኝ)

በሚዛኑ ላይ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ኪሎዋን እያየች ማክሰኞ ማታ የምታቆም ሰው ለጊዜው ሚዛኑን አልጋ ሥር ብታስገባው ይሻላል። በምትኩ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ ጠዋት ከመብላትሽ በፊት፣ አየር አውጥተሽ፣ በእምብርት ትክክል፣ በየ2 ሳምንቱ።

እንቅስቃሴውን ከምግቡ ጋር አታወዳድሪው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ በአንቺ ኪሎ ወደ 140 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው፤ ከአንድ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጡንቻ ይጠብቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። በሳምንት 150 ደቂቃ ዝቅተኛው ልክ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ለዚህ ይረዳል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ደረጃው ደጁ ነው፤ ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ ይጠቅማል።

በሳምንት 2 ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት፣ 10 ጊዜ በ3 ዙር፤ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ እንዲሁ። ጉልበትሽ ካመመሽ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሪበት፣ ከፍ ይላል።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

ሚዛኑን መደበቁ ለእርሷ ሊሠራ ይችላል፤ እስማማለሁ። ማየት የምትችል ሰው ግን በየቀኑ ተመዝና የሳምንቱን አማካይ ትያዝ። የአንድ ቀን ቁጥር በውሃ ብቻ አንድ ኪሎ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ የወር አበባ ሲቃረብም ይጨምራል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ በቂ ነው።

መልስ (ወጥ ሠሪ)

ሠርግ ረሳን! ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ በየሳምንቱ አለ። ባዶ ሆድ አትሂጂ። መጀመሪያ አትክልቱንና ጥብሱን አንሺ፣ እንጀራውን በመጨረሻ። ጉርሻ ሲመጣ ሁሉንም ከመመለስ የሁለት ሰው ተቀብለሽ «ጠገብኩ፣ እጅህን አይንሳኝ» ማለት ይሻላል፤ ማንም አይቀየምም። ጠጁና ለስላሳው ነው ሳይታወቅ የሚገባው፤ አንዱን ምረጪና አንድ ብርጭቆ ይሁን።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚዛኑን አስገብቼዋለሁ፣ ወገቤን ለክቼ 98 ሴንቲ ሜትር ብዬ ጽፌያለሁ። ሰዓቱን ከነገ ምሳ እጀምራለሁ፤ ሰኞን አልጠብቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሳምንት 3 ሲደርስ፣ ሁልጊዜ የማበስለው እኔ ስላልሆንኩ ዘይቱን በማንኪያ መለካቱን እንዴት ልቆጣጠረው?

መልስ (ወጥ ሠሪ)

ጠርሙሱን ለኪ። 4 ሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ቢደርሰው 8 ማንኪያ ነው፣ 120 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ ሊትር 8 ቀን መቆየት አለበት። ሲከፈት ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊበት። ማን እንዳበሰለ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በ4ኛው ቀን ከግማሽ በታች ከሆነ ያኔ ማንኪያዋን ከጠርሙሱ አንገት ጋር በክር እሰሪያት።