ስላሸር ወይስ ፋውንድ ፉቴጅ? ለአጭር ሆረር ፊልም የቱ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ደቂቃ ሆረር ልንሠራ ነው፤ አንድ ካሜራ፣ ሦስት ተዋናይ፣ አንድ ቤት። ገንዘብ የለም ማለት ይቀላል። ከሁለቱ የቱ ይሻለናል? ልዩነታቸውስ የደም መብዛት ነው?

መልስ 1፦ ደሙ አይደለም። በስላሸር ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፣ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ትተርፋለች። የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) «ሃሎዊን» ፊልም ይህን መልክ አስያዘ፤ ደም ግን እምብዛም አይታይበትም። ጭምብሉም የ«ስታር ትሬክ» ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ከርክ ነበር፣ ነጭ ቀቡት። ፋውንድ ፉቴጅ የአቀራረጽ ስልት ነው፦ የምናየው ታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው የቀረጸውን ብቻ። ጋኔንም ዞምቢም ይገባበታል።

መልስ 2፦ ለእናንተ ፋውንድ ፉቴጅ። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በ15,000 ዶላር ገደማ በዳይሬክተሩ ቤት ነው የተቀረጸው። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሰውየው እየሸሸ ካሜራ ለምን እንደያዘ ካላሳመናችሁ ተመልካች ይስቃል፤ ሌሊት ይሁንና የካሜራው መብራት ብቸኛው ብርሃን ይሁን፣ አለቀ። ሌላው ድምፅ ነው። ምስል ቢንቀጠቀጥ ሰው ይታገሳል፤ ንግግር ካልተሰማ ግን ይዘጋዋል። ትንሽ ማይክ ልብስ ስር ደብቁ፣ ከካሜራው የመጣ እንዲመስል ጥራቱን ኤዲቲንግ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ማጀቢያ ሙዚቃም አታስገቡ፤ ከየት መጣ ይባላል።

መልስ 3፦ ደም ካስፈለገ፦ ሁለት ሲኒ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ግማሽ ማንኪያ ካካዋ። ካካዋውን መጀመሪያ በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጡት፣ አለዚያ ይጓጉላል። ካልጨመራችሁት ደግሞ በመብራት ሮዝ ይመስላል። ከልብስ ስለማይለቅ ተመሳሳይ ሁለት ሸሚዝ ያዙ።